12 ቮልት ካሳየ ደህና ነው ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣

ባለፈው ስለ ካራቫን፣ በመኪና ስለሚጎተተው የጉዞ ቤት፣ አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ስለ ጎማው ስለ ፍሬኑ ስለ ጋዙ የተባለው ጥሩ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ ብያለሁ። ብእር ያስነሳኝ የባትሪው ነገር ነው። የመኪናውን ሞተር የሚያስነሳውን ማለቴ አይደለም፣ የካራቫኑን የውስጥ ባትሪ፣ መብራቱን ፖምፓውን የማሞቂያውን ፋን የሚያሰራውን። ጽሁፋችሁ በአንድ መስመር "ቴስተር ሲደረግበት 12 ቮልት ካሳየና መብራት ካበራ ባትሪው ደህና ነው" ብሎ አለፈ። ኧረ በጭራሽ! 12.0 ቮልት ላይ ቁጭ ያለ ባትሪ ማለት ከአራት እጅ ሶስቱ አልቆ ሩብ ብቻ የቀረው ባትሪ ነው፣ መብራቱማ ለምን አይበራም፣ ኤልኢዲ አምፖል እኮ ሊያልቅ የደረሰ ባትሪም ላይ ፏ ብሎ ይበራል። ያንን ያነበበ ሰው ለክቶ፣ ደህና ነው ብሎ፣ ካራቫኑን ቆልፎ ለወራት ቢያቆመው ሲመለስ የሚጠብቀው ባትሪ ሳይሆን የሚጣል እርሳስ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በብዛት ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ውስጡ ስድስት ሴል አለው፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ስድስቱ ሲደመር 12.6 ወይ 12.7 ይመጣል፣ ሙሉ የሚባለው ያ ነው። ኤጂኤም ወይ ጄል የሚባለው፣ አሲዱ በጥጥ መሰል ነገር የተያዘ ወይ የረጋ የታሸገ አይነት፣ ከሆነ ትንሽ ከፍ ብሎ 12.8 እና ከዛም በላይ ሊያሳይ ይችላል። ግማሽ ሲሆን 12.2 አካባቢ ነው፣ 12.0 ሩብ፣ 11.8 እና ከዛ በታች ከወረደ አልቋል በቃ። እንግዲህ አስቡት፣ በሙሉና በባዶ መሃል ያለው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳን አይሞላም፣ ታዲያ ካራቫኑ ግድግዳ ላይ ያለችው ቀይና አረንጓዴ ቀለም የተቀባች ባለ መርፌ ጌጅ ምን ልትነግረን ነው? ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ዲጂታል ቴስተር ያስፈልጋል፣ ተራው ይበቃል፣ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጎ ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ ጥቁሩን ኔጋቲቩ ላይ ማስነካት ነው።

የት እንደሚነካም ለውጥ አለው። የቴስተሩን ጫፍ የባትሪው ራስ ላይ፣ ማለትም እርሳሱ ራሱ ላይ ጫን አድርጉት፣ የታሰረበት ብረት ላይ አይደለም። ከዛ ቀጥሎ መብራትና ፖምፓ ተከፍቶ እያለ እርሳሱም ላይ ብረቱም ላይ ደግማችሁ ለኩ። እርሳሱ ላይ 12.5 ብሎ ብረቱ ላይ 12.1 ካለ ባትሪያችሁ ምንም አልሆነም፣ መሃሉ ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ነው ቮልቱን የሚበላው፣ ፈትቶ በብረት ብሩሽ ማጽዳትና አጥብቆ ማሰር ነው። ይህቺን ሳያዩ ባትሪ የቀየሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ አዲሱ ባትሪም ያው ዝገት ላይ ታስሮ ያው ችግር ሲመጣ ሻጩን ይረግማሉ።

ከቦታው በላይ ግን ሰው የሚሳሳተው መቼ እንደሚለካ ነው። ባትሪ ቻርጀር ላይ እያለ ወይ ገና እንደተነቀለ ከ13 በላይ ያሳያል፣ ይሄ እንደ አረፋ ነው፣ ሲያርፍ ይወርዳል። ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ምንም ሳይሞላና ምንም ሳያሰራ መቆየት አለበት፣ ያኔ የሚነበበው ነው እውነተኛው። የተገላቢጦሹም አለ፣ ፖምፓና መብራት ሲሰራ ቆይቶ ገና እንደጠፋ ብትለኩ ካለው በታች ያሳያችኋል፣ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ጣራ ላይ ሶላር ያላቸው ደግሞ የባሰ ይታለላሉ፣ በጠራራ ጸሀይ ይለኩና 13.4 አየሁ፣ ባትሪዬ አንደኛ ነው ይላሉ፣ ያዩት የሶላሩን ጉልበት ነው እንጂ የባትሪውን አይደለም። ፓኔሉን አላቅቁት ወይ ሸፍኑት፣ ወይ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ ለኩ።

እሺ፣ አርፎ 12.7 አሳየ እንበል። አሁንም አላለቀም። ቮልቱ የሚነግረን ያለው መሙላት አለመሙላቱን ነው፣ ምን ያህል እንደሚይዝ አይነግረንም። ያረጀ ባትሪ ሞልቶ 12.7 ብሎ ኩራት በኩራት ሆኖ ማታ ሁለት ሰዓት ቲቪ ሲታይበት ድርግም ይላል፣ ምክንያቱም የሞላው የቀረችው ትንሿ አቅሙ ናት። እዚህ ላይ 100 አምፔር አወር ተብሎ የተጻፈው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሰዓት ሂሳብ ነው የሚጻፈው፣ 5 አምፔር እየሰጠ 20 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። 20 አምፔር ከወሰዳችሁበት 5 ሰዓት ይቆያል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ በፍጥነት ሲወሰድበት የሚሰጠው ድምሩ ራሱ ይቀንሳል፣ ይሄን ፖይከርት የሚባል ጀርመናዊ በ1897 በቀመር ያስቀመጠው ነው። ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን፣ ሰክታችሁ ውሃ ካፈላችሁ ከባትሪው የሚወጣው 90 አምፔር ገደማ ነው፣ እንግዲህ ለምን ኢንቨርተሩ ወዲያው ጮሆ እንደሚጠፋ ከዚህ ይገባችኋል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሰራ ቀላል ፈተና አለ። ባትሪውን ጥግ ድረስ ሙሉት፣ አሳርፉት፣ ከዛ የሚወስደው አምፔር የሚታወቅ ነገር ክፈቱበት፣ ለምሳሌ 60 ዋት የሆነ የ12 ቮልት አምፖል 5 አምፔር ይወስዳል፣ ባትሪው 100 አምፔር አወር ከሆነ 10 ሰዓት አቆዩት፣ አጥፉት፣ አሳርፉት፣ ለኩት። 12.2 አካባቢ ካለ የተጻፈበትን አቅም ይዟል ማለት ነው። ገና አራት አምስት ሰዓት ሳይሞላው ወደ 11 ቮልት ከተንሸራተተ ግን ውስጡ ባዶ ሆኗል፣ ፈተናውን እዛው አቁማችሁ ቻርጅ አድርጉት፣ ከዛ በላይ ማውረዱ ጉዳት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሱቅ ውስጥ ያለው በሰከንድ ውጤት የሚሰጥ ትንሽ ማሽን የተሰራው በዋናነት ለመኪና ሞተር ማስነሻ ባትሪ ነው፣ ለዚህኛው ሙሉ በሙሉ ባልታመንበት እመርጣለሁ።

ክዳኑ የሚከፈት፣ ውሃ የሚጨመርበት አይነት ከሆነ ደግሞ ሀይድሮሜትር፣ የአሲዱን ክብደት ከውሃ ጋር አወዳድሮ የሚለካው፣ ከቴስተር በላይ ይናገራል። አሲዱን መጠጥ አድርጎ ተንሳፋፊዋን ማየት ነው፣ ሙሉ ሲሆን 1.27 አካባቢ፣ ግማሽ 1.19 ወይ 1.20፣ ባዶ 1.12 ገደማ። ዋናው ግን ስድስቱን ሴል አንድ ባንድ ማወዳደሩ ነው። የአንድ ወዳጄን ባትሪ ከፍተን ስናይ አምስቱ 1.27 ሲሉ ከዳር ሁለተኛው ተንሳፋፊዋ ወደ ታች ዝቅ ብላ 1.15 ላይ ቆመች፣ ሌላ ምርመራ አላስፈለገም። በሴሎች መሃል ከ0.05 በላይ ልዩነት ካለ ያቺ ሴል ታማለች። ያቺው ባትሪ ቻርጀር ላይ ስትውል መብራቷ አረንጓዴ አልሆን ብላ፣ ሆዷ ሞቆ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ቻርጀሩን ከግድግዳው ሶኬት መንቀል ነው፣ በሩን መስኮቱን መክፈት፣ ከዛ ነው የባትሪው ቆንጣጭ የሚነሳው፣ ያውም ጋዙ ከወጣ በኋላ። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሀይድሮጅን ያወጣል፣ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሙሉ ቀን ቻርጅ ተደርጎ አርፎ 10.5 ላይ የሚቀር ባትሪም ያው ነው፣ አንድ ሴል ውስጡ ተገናኝቶ ሞቷል፣ ምንም ቻርጀር አያስነሳውም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ፣ ባትሪ እንዲህ የሚሆነው ለምንድነው። ሰው በብዛት ስለተጠቀምኩበት አለቀ ይላል፣ እኔ እንደማየው ግን አብዛኛው የካራቫን ባትሪ የሚሞተው ቆሞ ነው። ፕላንቴ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1859 ከሰራው ጀምሮ ኬሚስትሪው አልተቀየረም፣ ጉልበት ሲወጣበት ፕሌቶቹ፣ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ላይ ሊድ ሰልፌት ይለብሳል፣ ቻርጅ ሲደረግ ይለቃል። ገና ትኩስ እያለ በቀላሉ ነው የሚለቀው፣ ሳምንታትና ወራት ከቆየ ግን ይጠጥርና አልለቅም ይላል፣ የተያዘው የፕሌት ክፍል ከጨዋታ ውጪ ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ሆኖ የቆመ ባትሪ በየቀኑ ከአቅሙ እየተቀነሰበት ነው የሚቆመው። እናንተ ደህና ነው ያላችሁት በ12.0 የቆመው ደግሞ የባሰ።

ዝም ብሎ ሲቆምም ይፈሳል። በራሱ ብቻ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያጣል፣ ሙቀት ካለ ከዛም በላይ። ያ ቀላሉ ነው። የአላርሙ፣ የጂፒኤስ መከታተያው፣ የሬድዮው ሰዓት ሁሉ ተደምሮ 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢጠጣ በቀን 1.2 አምፔር አወር ነው፣ በወር 36፣ ከ100 ላይ ከሲሶ በላይ ሄደ ማለት ነው፣ ማንም ሳይነካው! ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ወይ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ብልጥ ቻርጀር ላይ ይተዋል፣ ወይ ሞልቶ ኔጋቲቩ ይፈታል፣ ከዛ በየወሩ ወይ ከትንሽ በላይ ቆይቶ ይለካል፣ 12.5 ገደማ ከወረደ ይሞላል። ስትፈቱ ኔጋቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስሩ ኔጋቲቩን መጨረሻ፣ ቁልፉ የካራቫኑን ብረት ቢነካ እንኳን እሳት እንዳይረጭ። ብርድ ባለበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ሙሉ ባትሪ በማንም ብርድ አይበገርም፣ ባዶው ግን ውስጡ ያለው አሲድ ቀጥኖ ውሃ ሆኗል በለው፣ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ወረድ ሲል ይረጋል፣ ሆዱ ይሰነጠቃል። የቀዘቀዘና ያበጠ ባትሪ ላይ ቻርጀር እንዳትሰኩ።

ቻርጅ አደራረጉ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የካራቫኑ የራሱ ቻርጀር ነው። በተለይ ቆየት ያሉት ውስጥ የተገጠመው 13.8 ቮልት ላይ የቆመ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ከዛ አያልፍም። በ13.8 ባትሪ ይሞላል ወይ? ቀናት ከተሰጠው ይጠጋል፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚሰካ ሰው ግን ሁልጊዜ ጎደሎ ነው የሚቀረው፣ እሱ ግን ሶኬት ላይ ስለነበረ ሞላ ብሎ ያስባል። ደህና ቻርጀር በሶስት ደረጃ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ ያለውን አምፔር ሁሉ ይገፋል፣ ቮልቱ 14.4 አካባቢ ሲደርስ እዛው ይዞ አምፔሩ ራሱ እየቀነሰ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ከዛ ወደ 13.6 ወርዶ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ደረጃ ነው ትእግስት የሚጠይቀው፣ ባትሪው 80 በመቶ እስኪደርስ ይሮጣል፣ የቀረችው 20 ግን ሰዓታት ትፈጃለች፣ ብዙው ሰው የሚነቅለውም እዚች ላይ ነው፣ በቃ ሞልቷል ብሎ። የማይሞላው እሷ ናት የምትጠጥረው።

አምፔሩን በተመለከተ ከባትሪው አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ጥሩ ልክ ነው፣ ለ100 አምፔር አወር 10 ወይ 20 አምፔር። ለሞተር ሳይክል የተሰራች ባለ 2 አምፔር ቻርጀር ሰክታችሁ ግማሽ የወረደ ባትሪ ነገ ይሞላል አትበሉ፣ በሂሳብ ብቻ 25 ሰዓት ነው፣ የሚባክነውና የመጨረሻዋ ዝግታ ሲጨመር ከዛም ያልፋል። ቻርጀሩ ላይ የባትሪ አይነት መምረጫ ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት፣ ጄል ከፍተኛ ቮልት አይወድም፣ ክዳን የሌለው ስለሆነ የተነነበትን የሚመልስለት የለም። ክዳን ያለው ላይ ውሃው የሚሞላው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፣ ፕሌቱ ራቁቱን ካልታየ በስተቀር፣ ከታየ እሱን የሚሸፍን ያህል አስቀድማችሁ ጨምሩ። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፣ የቧንቧ አይሆንም፣ አሲድ ጨምሩበት የሚላችሁን ደግሞ አትስሙ፣ አሲዱ አይተንም እኮ። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃና ከዛ በላይ በብዙ ውሃ እያጠቡ ሀኪም ጋ መሮጥ ነው።

መንገድ ላይ ከመኪናው ይሞላል የሚለውም ነገር በጽሁፋችሁ ነበረ። ድሮ በከፊል ልክ ነበር። ዲናሞው 14 ቮልት እና ከዛ በላይ ቢሰጥም ገመዱ ከፊት ሞተር ክፍል ተነስቶ መጎተቻውን አልፎ ካራቫኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ጋ እስኪደርስ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ፍሪጁም በ12 ቮልት ላይ ካለ 10 አምፔርና ከዛ በላይ ይጎትታል፣ ባትሪው ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። አዲሶቹ መኪኖች ላይ ደሞ ዲናሞው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የራሱ ባትሪ ሞልቷል ብሎ ካሰበ ቮልቱን ያወርደዋል፣ ያኔ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ ምንም ላይገባ ይችላል። ለዚህ መፍትሄው ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ነው፣ የመጣለትን ዝቅ ያለ ቮልት ከፍ አድርጎ ባትሪው የሚፈልገውን ደረጃ ይሰጠዋል። ሶላር የሚያስገቡ ሰዎች ኮንትሮለሩን፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረውን፣ መጀመሪያ ባትሪው ጋ ቀጥሎ ፓኔሉ ጋ ያገናኙት፣ ሲፈቱ የተገላቢጦሽ።

ስለ ሊትየም ባጭሩ ልበል፣ ከላይ ያልኩት የቮልት ቁጥር በሙሉ ለሱ አይሰራም። ሊትየም አይረን ፎስፌት ሰማንያም አርባም በመቶ ላይ ሆኖ 13.2፣ 13.3 እያለ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻ ላይ ነው ገደል የሚገባው፣ ስለዚህ በቴስተር ሳይሆን የገባና የወጣ አምፔር በሚቆጥር ሞኒተር ነው የሚታወቀው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ ለረጅም ጊዜ ሲቆምም ሞልቶ ሳይሆን ግማሽ አካባቢ ቢሆን ይመርጣል። ከሊድ አሲድ ጋር አንድ ላይ አታስሩት። ሊድ አሲድም ከሊድ አሲድ ጋር ሲታሰር እድሜውም አይነቱም አንድ ካልሆነ አሮጌው አዲሱን ይዞት ነው የሚወርደው።

እና የምጠይቃችሁ፣ ሰዎች ካራቫናቸውን የሚያቆሙበት ወቅት ሳይደርስ በሚቀጥለው እትም እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። ረጅም መሆን የለበትም፣ 12 የሚለውን ሰርዛችሁ ከቻርጀር ተነቅሎ ሌሊቱን አርፎ 12.7፣ ኤጂኤም ከሆነ ከዛ ከፍ ያለ፣ ብትሉት ይበቃል፣ ቦታ ከተረፋችሁ ግማሹ 12.2 መሆኑንም ጨምሩበት። ከመኪናው ይሞላል የሚለውን መስመር ግን ብታወጡት ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ